በፖስተሩ ላይ ያለው እግር

«እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ እሸከመዋለሁ።»

«ካንተ በኋላስ፣ ካታልዶ?»

ከዚህ ቀጥሎ የተባለውን ኢንኮሮናታ አሟልታ አታስታውሰውም። ሰባት ዓመቷ ነበር ወይስ ስምንት፣ እሱንም እርግጠኛ አይደለችም። የቀረላት የወጥ ቤቱ መጋረጃ ሽታ፣ የአባቷ የካታልዶ ደረቅ ሳል፣ ደግሞም ዶን ሊቦሪዮ የሚባሉት ሽማግሌ ቄስ እሸት ባቄላ እየፈለፈሉ በአይብ ሲበሉ የቅርፊቱ ድምፅ ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ የትኛው እንደሆነ እንጃ፣ «ሌላ ሰው ይፈለጋላ» አለ። ከዚያ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብቻ ነገሩ ከልጅቷ ጆሮ እንዳይገባ» አለ። ልጅቷ ግን ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ነበር።

አባቷ የሚሸከመው ምን እንደሆነ አልገባትም። «እሷ» የተባለችው ግን ሴት መሆኗ ገባት። እናቷ ያን ዕለት ቤት አልነበረችም። የልጅ ልብ ይህንን ከዚያ ጋር ገጣጥሞ ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ አባባ ሌላ ሴት አለችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲህ ግን አባቷ ከረሜላ ይዞላት ሲመጣ እንኳ «ለዚያችኛዋስ ስንት ገዝቶላት ይሆን?» እያለች ነበር የምትቀበለው። ካታልዶ ከሞተ ቆይቷል። እሷም ሃምሳን ተሻግራለች፣ ልጅ ድራለች። ያች ጥርጣሬ ግን ጥርስ መሃል እንደገባች ስንጥር፣ ምላስ በነካት ቁጥር እዚያው ነበረች።

ፖስተሩ የተለጠፈው የወይኑ ለቀማ አልቆ የወይራው ሊጀመር ሲል ነው። የከተማው ሰው ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የሞት ማስታወቂያ የሚለጠፍበትን ግድግዳ ነው። ማን አረፈ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው፣ እሱን ሳያነብ የሚያልፍ የለም። ያን ጠዋት ግን በሁለት ሟቾች መካከል አንድ ትልቅ እግር ተለጥፎ ተገኘ። ባዶ እግር ነው፤ ጥቁር የመንገድ ድንጋይ ላይ የቆመ፣ ቁርጭምጭሚቱ በሰንሰለት የታሰረ። ከላዩ «የሐሙስ መንገድ» ይላል። ከታቹ ደግሞ «የአዲስ ዳይሬክተር ምርጥ ፊልም ሽልማት ያገኘ»፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ፣ «የማሪሉ ሴታኒ ፊልም። እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። መግቢያ በነጻ።»

ማሪሉ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የሴታኒ ልጅ ናት። ሮም ሄዳ ተምራ፣ መጀመሪያ የሠራችው ፊልም ይኸው ተሸለመ። ጋዜጣ ላይ ወጥታለች፤ ከንቲባው አበባ ሰጥቷታል። ፊልሙ ስለ ጸሎተ ሐሙስ ነው። በዚያች ሌሊት በዚያ ከተማ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ፣ ፊታቸውን በጥቁር ቆብ የሸፈኑ፣ ባዶ እግራቸውን ሰንሰለት እየጎተቱ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን መስቀል ተሸክመው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ማን እንደሆኑ የሚያውቀው ቄሱ ብቻ ነው። አንዱ ለኃጢአቱ ይሸከማል፣ ሌላው ለስለቱ። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ አይጠየቅም። ባይጠየቅም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኃጢአቱን ነው።

«ናቲና፣ የባልሽን እግር አየሽው?» አለቻት ዳቦ ሻጯ ፓልማ፣ ሰው ሁሉ ናቲና የሚላት ኢንኮሮናታ ገና በሩን ከማለፏ። ለገባችው ሴት ሁሉ የምትለው ቀልድ ነበር።

«የኔ ባል እግር እንዲህ ቢያምር ኖሮ በሁለት ልጅ ባልቆምኩ» አለች ወረፋ የያዘች አንዲት ሴት።

«ኧረ ምኑ ያምራል! ጥፍር የሚባል አይቆረጥለት!»

«ቀርቦ ማየት ነው እንጂ። ሁለተኛው ጣት እኮ ጭራሽ ጥፍርም የለው፣ ምኑ ይቆረጥለታል?»

ዳቦ ቤቱ ሳቀ። ኢንኮሮናታም ከሰው ጋር ሳቀች። ዳቦዋን ይዛ ወጣችና ግድግዳው ጋ ስትደርስ፣ የሟቾቹን ስም የምታነብ መስላ ቆመች።

ሁለተኛው ጣት ጥፍር የለውም። ደግሞ አውራ ጣቱ ላይ ወጥቶ ተጋድሟል፣ አንዱ ልጅ ሌላው ላይ ተደግፎ እንደሚተኛው። ከዓመታት በፊት የወይኑን ሽቦ የሚይዝ የሲሚንቶ ምሰሶ ወድቆበት ነው እንደዚያ የሆነው። ያን ጣት እያጠበች፣ እየቀባች፣ እያሰረች ያዳነችው እሷ ናት። ባሏ ኦሮንዞ ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ዳርቻ ላይ እንኳ ካልሲውን አያወልቅም፤ «ዓሦቹ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው» ይላል። ስለዚህ ያን ጣት በዚህ ከተማ የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት።

እጇ ላይ ያለው ዳቦ ትኩስ ነበር። እሷን ግን በረዳት።

ምሳ ላይ ፊቱን እያየች ቆየች። ኦሮንዞ ረጅም፣ ወገበ ሰፊ፣ ነገሩን ሁሉ በቀልድ የሚያልፍ ሰው ነው። ፓስታውን በጎመን እያማሰለ ይበላል።

«ፓልማ ጋ ወሬው ሁሉ የማሪሉ ፊልም ነው» አለች።

«ጎበዝ ልጅ ናት። አባቷማ አስፕሪን ልገዛ ገብቼ ሽልማቱን ሳያሳየኝ መልስ አልሰጠኝም።»

«ፖስተሩን አየኸው?»

«እግር ነው አሉ።»

«አሉ ነው ወይስ አየኸው?»

«እግር እግር ነው፣ ናቲና። ምኑ ይታያል?»

«እሑድ አብረን እንሄዳለና።»

ሹካውን አስቀመጠ። «እሑድ ወይራ አለብኝ።»

«በሰንበት? አንተ በሰንበት መሥራት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ዝናብ ይመጣል ብለዋል።»

ኢንኮሮናታ በመስኮቱ አየች። ሰማዩ ላይ የጥጥ ፍሬ የምታህል ደመና አልነበረችም።

ከዚያች ምሳ በኋላ ያለፈው ነገር ሁሉ እየመጣ ይጠይቃት ጀመር። ኦሮንዞ በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ማታ «ከወንዶቹ ጋር በመሠዊያው ፊት ተግቼ አድራለሁ» ብሎ ይወጣል። ዓርብ ጠዋት ካልሲውን እንዳደረገ ይተኛል። ቅዳሜ በእግሩ ጠርዝ ይራመዳል፤ ስትጠይቀው «የቤተ ክርስቲያኑ ወለል አቀዘቀዘኝ» ይላታል። እሷም ስታምነው ኖራለች! ደግሞ ሰሞኑን ዳሌውን እያመመው ያነክሳል፤ ቄሱ ዶን ዶናቶ ጋ ደጋግሞ ይሄዳል፤ ስልክ ሲያወራ እሷ ስትገባ ወሬው ድንገት ስለ ዝናብ ይሆናል። መስቀል የተሸከመስ ይሁን። ግን ለምን? ምን ቢያደርግ ነው? ከሚስቱ የሚደበቅ ስለት ምን ዓይነት ስለት ነው?

ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀመጠች። ከንፈሯ ይጸልያል፣ ጣቷ ይቆጥራል፣ ልቧ ግን የባሏን እግር ተከትሎ በጨለማ መንገድ ይዞራል። «ጌታ ሆይ፣ ወይ አሳየኝ ወይ አስረሳኝ» ብላ መቁጠሪያውን ትራሷ ሥር ከተተችው።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ዶን ዶናቶ፣ የአሁኑ ቄስ፣ ወንበር ሲያቀብሉ ነበር። ማሪሉ አጭር ናት፤ ድምፅ ማጉያው ከአፏ በላይ ሆነባትና ከጸሎት ቤቱ የመንበርከኪያ በርጩማ አምጥተው አቆሟት። ሰው አጨበጨበላት።

«ታሪኩ ልብ ወለድ ነው» አለች። «አንዲት ልጅ ቆብ ከለበሱት መሃል አባቷ የትኛው እንደሆነ ስትፈልግ ነው። መስቀል ተሸካሚዎቹ ግን የእውነት ናቸው፤ ራሳችሁ ናችሁ። ልማዳችንን አክብሬያለሁ። ቆብ ያነሳ ሰው አልቀረጽኩም፤ ማንም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ልብሱን ሲቀይር አልጠበቅኩም። ካሜራዬ ከጉልበት በላይ አልወጣም።»

«ታዲያ ያ እግር የማነው?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«አላውቅም። አልጠየቅኩምም» አለች ማሪሉ ደረቷን ነፍታ። አዳራሹ አሁንም አጨበጨበ። ዶን ዶናቶ ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

መብራቱ ጠፋ። ፊልሙ ጥሩ ነበር፤ ኢንኮሮናታ ባትጨነቅ ኖሮ ታለቅስበት ነበር። መሃል ላይ ሙዚቃው ቆመና የሰንሰለት ድምፅ ብቻ ቀረ። ያ እግር መጣ። ሸራውን ሞልቶ፣ በድንጋዩ ላይ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ጠባብ መንገድ ታጠፈ። አንድ በር ፊት ቆመ። ተንበረከከ። የበሩ ደፍ መሃል ላይ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው፤ ከጎኑ ድሮ በቅሎ ይታሰርበት የነበረ የብረት ቀለበት አለ። ቆቡ ዝቅ ብሎ ደፉን ሲነካ ይታያል። ሰውየው እዚያ ቆየ፤ በጣም ቆየ። የውጭ አገሩ ዳኛ ሁሉ የሸለማት ለዚህች ቦታ ነው አሉ።

«ወይ ጉዴ! የኔ በር!» የሚል ድምፅ ከፊት ወንበር ተነሣ።

ቫንዳ ነበረች። ቫንዳ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ስትስቅ እስከ አደባባዩ የምትሰማ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ቫንዳ፣ ቡና እንኳ አላቀረብሽለትም?» አለ አንዱ። «በሩን ከፍተሽለት ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ይከለከል ነበር!» አለ ሌላው። ኢንኮሮናታ አልሳቀችም።

ሲያልቅ በር ላይ ማሪሉን አገኘቻት።

«ፊልምሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ።»

«አመሰግናለሁ፣ አክስቴ።»

«ፊት አላነሳሽም።»

«በፍጹም! ሐሙስ ዕለት ቀና ብለሽ እንዳታዪ እየተባልኩ አይደል ያደግኩት? ለዚያ ነው እኮ ካሜራውን ወደ ታች ያደረግኩት።»

«ባል አግብተሻል?»

«እኔ? አላገባሁም።»

«እሱ ነዋ» አለች ኢንኮሮናታ። «ባል ያላት ሴት ፊት አያስፈልጋትም።»

የልጅቷ ሳቅ ከከንፈሯ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ዞራ በሩ ላይ የተለጠፈውን ፖስተር አየች፤ ከዚያ መልሳ ኢንኮሮናታን አየቻት። «አክስቴ… የማን…» ብላ ሳትጨርስ ኢንኮሮናታ ሻርፕዋን ጠምጥማ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት እጥፋቱ ምንም ያልሆነ ጉርድ ይዛ ቫንዳ ጋ ሄደች። ስትገባ የተሰነጠቀውን ደፍ ላለመርገጥ እግሯን አነሳች። ቫንዳ በርጩማ ላይ አቆመቻትና አፏ ውስጥ መርፌዎች ነክሳ ጫፉን መለካት ጀመረች።

«ይሄ ጉርድ እኮ ልክሽ ነው።»

«ትንሽ ይጠር።»

«በዚህ ዕድሜሽ? ኦሮንዞ ምን በላ?»

ኢንኮሮናታ መስኮቱን እያየች፣ «ያ ሰውዬ በርሽ ላይ የሚንበረከከው ለምንድን ነው?» አለች።

«ለቁንጅናዬ!» ቫንዳ ስቃ መርፌዎቹ ሊበተኑ ሆነ። «እኔም ልክ እንዳንቺ ነው የምጠይቀው። በየዓመቱ ነው የሚመጣው። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ ጀምሮ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመስኮቱ ቀዳዳ እያየ 'ቫንዳ፣ ወዳጅሽ ከነሰንሰለቱ መጣልሽ' ይለኝ ነበር።»

«ሙሽራ ሆነሽ? ያኔም ይሄው ሰውዬ?»

«የለም፣ ያኔ ሌላ ነበር። አጭር፣ እያሳለ የሚሸከም። ምን ዓይነት ሳል መሰለሽ፣ ደረቅ፤ ውኃ ልስጠው እያልኩ ልማዱን ፈርቼ ስተወው እኖር ነበር። አንድ ዓመት እሱ ቀረና ይሄ ረጅሙ መጣ።» ቀና ብላ አየቻት። «ምነው፣ ወጋሁሽ እንዴ?»

«አልወጋሽኝም።» ኢንኮሮናታ ከበርጩማው ወርዳ ተቀመጠች። ያን ሳል ታውቀዋለች። ከመጋረጃ ኋላ ሆና ሰምታዋለች። «ከእናንተ በፊት እዚህ ማን ነበር?»

«እንጃ፤ ኪራይ ቤት አይደል፣ የገባው ይወጣል። ባለቤቲቱ በርካሽ ነው ያከራየችን፤ በኮሌራው ዓመት በሽታው የገባበት ቤት ነው ብሎ ሰው ይሸሸው ነበር። አማቴ ኖራ ካልተቀባ ሙሽራዬን አላስገባም ብላ አገር ምድሩን አነጣችው።»

ኢንኮሮናታ ጉርዱን እዚያው ጥላ ወጣች። አባቷ እዚህ ደፍ ላይ ተንበርክኳል። ባሏም ተንበርክኳል። ስለዚህ ቫንዳ አይደለችም። ሌላ ሴት ናት፤ እዚህ ቤት የነበረች፣ በኮሌራ የታመመች፣ ያልሞተች። «እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ።» ኦሮንዞ ያውቃታል ማለት ነው። አባቷ ሲሞት ያቺን ሴት ከነምስጢሯ ለገዛ ባሏ አውርሶታል። ወይስ ልጅ ነበረች? እህቷ? ባሏ በየዓመቱ እግሩን እያደማ የሚንበረከከው ለማታውቃት እህቷ ይሆን? መንገድ ላይ የምታያቸውን በዕድሜዋ ያሉ ሴቶች ሁሉ አፍንጫቸው የአባቷን ይመስል እንደሆነ እያየች ቤቷ ደረሰች።

ኦሮንዞ ከወይራው ሲመለስ፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ወንበሩ ፊት በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ጠበቀው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ውኃ ነው። ካልሲህን አውልቅ።»

«ናቲና፣ ቆሽሻለሁ፤ ቆይ ገላዬን…»

«አውልቅ አልኩህ።»

እጁ ላይ የላስቲክ ከረጢት ነበር፤ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። አያት። ከዚያ ምንም ቀልድ ሳይናገር ተቀምጦ ካልሲውን አወለቀ። ያ ጣት፣ ጥፍር አልባው፣ ውኃው ውስጥ ገባ። ውስጥ እግሩን ገልብጣ አየችው፤ ድንጋይ የቆረጠው፣ የዳነ፣ ደግሞ የተቆረጠ። ስንት ዓመት አብራው ስትተኛ ይህን አላየችም።

«ማን ናት?» አለችው።

«ማን?»

«እሷ! አባቴ የተሸከመላት፣ አንተም የምትሸከምላት። ቫንዳ ቤት የነበረችው። አለች አይደል?»

«አለች» አለ ኦሮንዞ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለች።»

«እህቴ ናት?»

«ለሞተ ሰው ቃል ሰጥቻለሁ፣ ናቲና።»

«ለኔስ? በመሠዊያ ፊት ለኔ የሰጠኸውስ ቃል አይደለም? እንግዲህ ስማኝ፤ ዛሬ ካልነገርከኝ ነገ ልብሴን ይዤ ባሪ ከተማ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ከማላውቃት ሴት ጋር በአንድ ቤት አልኖርም፤ ጥላዋም ቢሆን።»

ውጭ የአንድ ሰው ሞተር እየተንኳኳ አለፈ። ኦሮንዞ በውኃው ውስጥ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ጥሬ የዛጎል ሥጋ በልተሽ ታውቂያለሽ?»

«አሁን ዛጎል ምን አመጣው?»

«መልሺልኝ ብቻ። እዚህ ባሕሩ ዳርቻ ተወልደሽ፣ ሰው ሁሉ ሎሚ እየጨመቀበት ሲውጠው፣ አንቺ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። አባቴ ሆድሽ አይስማማውም ይለኝ ነበር። በሠርጋችን ዕለት እንኳ ሳህኑን ከፊቴ አንሥቶ ወሰደው፤ አንተም ስቀህበታል።»

«አልቀመስሽም። ታዲያ ሆድሽ እንደማይስማማው በምን አወቀ?»

ኢንኮሮናታ ከሳፋው ቀና ብላ አየችው።

ኦሮንዞ ሳያያት፣ ውኃውን እያየ ነገራት። በኮሌራው ዓመት ካታልዶና ሚስቱ እዚያ ቤት ተከራይተው ነበር። ልጃቸው ገና መራመድ አልጀመረችም። አንድ እሑድ ካታልዶ ከባሕር ዛጎል ይዞ መጣ። አንዱን ከፈተና፣ ሎሚ ጨምቆበት፣ ጣቱን ነክሮ የልጅቷን ከንፈር አስላሳት፤ ባሕሩን ትቅመሰው ብሎ፣ አባት ሁሉ እንደሚያደርገው እየሳቀ። ከዚያ በሽታው መጣ፤ ሐኪሞቹ ከዛጎሉ ነው አሉ። ከበሉት አዋቂዎች አንዱም አልታመመም፤ ልጅቷ ብቻ። ጎረቤት በሩን ዘጋ፤ የደረሰላቸው ዶን ሊቦሪዮ ብቻ ነበሩ። ልጅቷ እንደ ጨርቅ ሆና ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ አባትየው መኪናው ላይ አላሳፍር ብለውት ደፉ ላይ ወድቆ ቀረ። እዚያው ነው የተሳለው። እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ እሸከማለሁ፣ እኔ ስሞት ሌላ ሰው ይሸከማል፣ ብቻ ትኑርልኝ ብሎ።

«ለምን አልነገረኝም?» ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ጣቱ ነበረቻ፣ ናቲና። የገዛ ጣቱ። 'ይህን ካወቀች ጉንጯን ስነካት እንኳ ትፈራኛለች' ይል ነበር። ሲሞት እጄን ይዞ ያስማለኝ ይህንኑ ነው።»

«እሷ» እና «ልጅቷ»። ሁለት ሰው መስለዋት የኖሩት አንድ ነበሩ። ኢንኮሮናታ ከረሜላዎቹን አስታወሰች፤ ፊት እየነሣች የተቀበለቻቸውን። ፊቷን አማተበችና ጎንበስ ብላ ያን የተጣመመ ጣት በሁለት እጇ ታጥበው ጀመር። ኦሮንዞ እጁን ጸጉሯ ላይ አሳረፈ።

ውኃው ሲቀዘቅዝ፣ «ከእንግዲህ እኔ አልችልም» አላት። «ዳሌዬ ይቀየራል ብሏል ሐኪሙ። ዶን ዶናቶ ጋ ስመላለስ የነበረው ሰው ፍለጋ ነው። የጠየቅነው ሁሉ እምቢ ብሎን ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ራሱ መጥቶ የዶን ዶናቶን በር አንኳኳ። 'ልማዱን አከበርኩ ብዬ ጥሻለሁ፣ እንድክስ ይፈቀድልኝ' አላቸው አሉ።»

«ማነው?»

ጥያቄው ከአፏ ያመለጣት ሳታስበው ነው። ኦሮንዞ ራሱን ነቀነቀ።

«እሱን አልነግርሽም። ቄሱም አይነግሩሽም። ስለት እንደሆነ ስለት ነው፤ ማን እንደሆነ ግን ከአሁን በኋላ አንቺም እንደ ሰው ሁሉ አታውቂም። ሐሙስ ስታልፍ ቀና ብለሽም፣ አጎንብሰሽም አታዪም።»

ከዚያ የላስቲክ ከረጢቱን አነሣና ጥቁሩን ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ዘረጋው። ጨርቁ የሰም ሽታ ነበረው። ከአባቷ ተርፎ ለኦሮንዞ ቁመት በሌላ ጨርቅ የተቀጠለበት መስመር ከጫፉ በላይ ይታያል።

«ይረዝማል» አለ። «ለሚለብሰው ሰው ከአንድ ስንዝር በላይ ይረዝማል። ለቫንዳ ልሰጣት ነበር…»

«ቫንዳ አፏ ውስጥ መርፌ እያለ እንኳ አታርፍም።»

«እሱን ፈርቼ እኮ ነው ይዤው የመጣሁት።»

ኢንኮሮናታ ጨርቁን በስንዝሯ ለካችው። ያ የቆየ ነገር ልቧ ውስጥ መላወስ ጀመረ። ከስንዝር በላይ። ከኦሮንዞ ይህን ያህል የሚያጥር፣ ልማዱን አከበርኩ ብሎ የጣሰ… ከተማው በፊቷ ተሰለፈ፤ ፖስታ አዳዩ፣ የፓልማ ወንድም፣ ደግሞ ትናንት መንበርከኪያ ላይ ወጥቶ ድምፅ ማጉያው የደረሰለት…

እዚያ ላይ አቆመችው። ማቆም እንደምትችል አታውቅም ነበር።

«ናቲና» አለ ኦሮንዞ። «ሳትጠይቂ?»

የተቀጠለውን የጨርቅ መስመር በጣቷ ዳሰሰችው። አባቷ የነበረበት ቁመት ላይ ያበቃል። እዚያ ላይ ቢቆረጥ ይበቃል።

«እሺ» አለች። «ነገ ብርሃን ሲሆን በእጄ አሳጥረዋለሁ። ሳልጠይቅ።»